በቃሏ የምታነበው ልጅ

የጡረታ ደብዳቤዬ ሦስት መስመር ነበር። በአንዱ መስመር ላይ የአባቴን ስም አሳስተው ስለጻፉት ለማስተካከል ሁለት ቢሮ ተመላለስኩ፤ ስለ ወረቀት ሥራ የማወራው በዚህ ይብቃ። ደመወዜም ሳይተርፍም ሳይጎድልም እስከ ዛሬ አኑሮኛል፤ እሱንም አላማም።

ይህን የምጽፈው መካነ ኢየሱስ ከተማ በእኔ ቦታ ለተተካችው ልጅ ነው። ሰላም ትባላለች። ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ የጠፋባትን ሁሉ ስልኳ ላይ የምትፈልግ ጎበዝ ልጅ ናት። የልዩ ፍላጎት ክፍሉን ቁልፍ ሳስረክባት በሩ ላይ ቆማ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እርስዎ ሲጀምሩ ምን ነበር የከበደዎት አለችኝ። የብሬል ወረቀት እጥረት አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ወረቀት እውነትም አልነበረንም። ግን ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ አፈርኩ። ልጅቱ የጠየቀችኝ ከልቧ ነው፤ እኔ የመለስኩላት ለስብሰባ የሚሆን መልስ ነው።

እውነተኛው መልስ አንዲት ልጅ ናት፤ ትርንጎ ትባላለች።

ወደ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የገባሁት ልቤ ጠርቶኝ አይደለም። እንዲህ የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አልልም። ታች ጋይንት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል እያስተማርኩ ዝውውር ስጠይቅ ኖርኩ። አንድ ጊዜ የክረምት ሥልጠና ዕድል መጣ፤ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ለእኔ ደረሰኝ። ሁለት ክረምት ተምሬ ሦስተኛው ሲቀረኝ ሲማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ያለ ትምህርት ቤት መደቡኝ። በዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ሞልቶኛል፤ በሥራው ግን ጨቅላ ነበርኩ።

ይዤ የሄድኩት ሀብት አንድ ነው፤ ድምፄ። መደበኛ ክፍል ሳለሁ የምታወቀው በድምፄ ነበር። "እኔን ተከትላችሁ በሉ" ስል ሰማንያ ልጅ በአንድ አፍ ይከተለኛል። ከማዶ የሚያርሱ ገበሬዎች፣ እኛም እርፍ እንደጨበጥን ፊደል ቆጠርን እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ጉድ የሠራኝም ይኸው ድምፄ ነው።

የሰጡኝ ክፍል የተሰበረ ዴስክና የኖራ ጆንያ ሲከማችበት የኖረ ነው። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አንድ መምህር በቀረ ቁጥር በሬን ያንኳኳና፣ ማንጠግቦሽ እስቲ ሦስተኛ ክፍልን ያዥልኝ፣ ያንቺዎቹ ቢቆዩ ምንም አይሆኑ ይለኛል። የእኔዎቹ ሰባት ነበሩ። መስማት የተሳናቸው እህትና ወንድም፣ ትምህርት ቀስ ብሎ የሚገባቸው ሦስት ልጆች፣ ከማነከሱ በቀር ምንም ያልጎደለው አንድ ልጅና ትርንጎ። የሚያነክሰውን ለምን ወደ እኔ እንደላኩት ስጠይቅ ርእሰ መምህሩ ራሱን አከከ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ መደበኛ ክፍሉ መለስኩት። የመጀመሪያው የሥራ ውጤቴ አንድ ተማሪ ማባረር ነው እያልኩ አሁንም እስቃለሁ።

የምልክት ቋንቋ የተማርኩት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። እህትና ወንድሙ ደግሞ ቤታቸው ውስጥ የፈጠሩት የራሳቸው ምልክት ስለነበራቸው፣ እኔ ከደብተር ያጠናሁትን ሳሳያቸው እርስ በርሳቸው ተያይተው ይስቁብኛል። ለአንዱ ሳስረዳ ሌላው ይወጣል፤ የወጣውን ፍለጋ ስሄድ የቀሩት ይጣላሉ። ካሳ የሚባለው ልጅ በቀን አምስት ጊዜ ክፍሉን ይጠርጋል። መጥረጊያውን ብቀማው ያለቅሳል፤ ብተውለት አቧራው ያፍነናል። ውኃ እያርከፈከፈ እንዲጠርግ ለማስተማር አንድ ወር ፈጀብኝ፤ ያ አንድ ወር ግን በዚያ ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ ያላፈርኩበት ትምህርት ነው። መምህራን ማረፊያ ስገባ፣ ዛሬስ ስንት ጊዜ ጠረጋችሁ ይሉኛል። መጀመሪያ እየሳቅኩ አልፋቸው ነበር። በኋላ ሻይዬን ከልጆቹ ጋር መጠጣት ጀመርኩ።

ትርንጎ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በሕፃንነቷ በያዛት በሽታ ዓይኗ ጠፍቷል። እናቷ አርፋለች። አባቷ አቶ ውበቱ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ዝምተኛ፣ ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። በበቅሎ አፈናጠው አምጥተዋት በክፍሌ በር ላይ ቆመው የነገሩኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ልጄን ጠልቼ አይደለም መምህርት" አሉኝ። "እኔ ስሞት ማን ይይዛታል ብዬ ነው። እማሆይ እህቴ ከጠበሉ ዘንድ ልቀበላት ብላለች። ከዚያ ብትቀመጥ የታቦቱ ጥላ አላት። አንቱ ግን ወረቀት ታነባለች ካሉኝ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እጠብቃለሁ። ካነበበች ትማር። ካላነበበች እወስዳታለሁ።"

ትርንጎ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። ከጠበሉ ዘንድ መቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ከነዳያኑ ጋር ተሰልፎ እጅ መዘርጋት ነው። አባቷ ከሄዱ በኋላ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። "አነባለሁ" አለች።

ብሬል ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደሉ ከወረቀት ላይ ያበጠ ነጥብ ነው። ስሌት የሚባል መስኮት መስኮት ያለው ብረት አለ፤ ወረቀቱን በመሐሉ አጣብቀው በመውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጉ ይጽፋሉ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ይዳብሱታል። ወፍራም ወረቀት ስላልነበረን ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ከየሱቁና ከየቤቱ እለምን ነበር። ወገዳ ገበያ ስወጣ ባለሱቆቹ፣ አምና የሞተብንን ልትቀብር መጣች እያሉ ያሾፉብኛል። በነዚያ ካላንደሮች ጀርባ ላይ ስለ አንዲት ሰነፍ ፍየል ራሴ የፈጠርኩትን ተረት በአሥር ገጽ ወግቼ ጻፍኩላት።

ያስተማርኳትም እንደለመድኩት ነው። አዲስ ገጽ ስሰጣት መጀመሪያ እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ከዚያ፣ እኔን ተከትለሽ በይ እላታለሁ። ትላለች። በሦስት ወር ውስጥ ገጹን ሁሉ ታንበለብለው ጀመር። ጣቷ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ መስመር ሲያልቅ ይወርዳል፤ ድምጿ አይደናቀፍም። የቱን ገጽ እንደያዘች የምታውቀው በጠርዙ እንደነበረ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። አንዱ ካላንደር የሚስማር ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ማዕዘኑ ተቀዷል፣ አንዱ የፕላስተር ቅሪት አለበት። ጠርዙን ዳብሳ ገጹን ትለይና የተባለችውን ከጆሮዋ አውጥታ ትለዋለች።

መጠርጠር ነበረብኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? አንድ አዲስ ቃል ብቻውን ወግቼ ስሰጣት ራሷን ያማታል፣ ጣቷን ይበርዳታል፣ ውኃ ይጠማታል። ልጅ ናት ብዬ አልፋለሁ። በዚያ ላይ አገሩ የቃል አገር ነው። ጋይንትና ሲማዳ ላይ ዓይኑ የማያይ፣ ድጓውን ግን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚያወርድ መሪጌታ ብርቅ አይደለም። "በቃሉ ይዞታል" ማለት እኛ ዘንድ ትልቅ ምስጋና ነው። ስለዚህ ልጅቱ ስታንበለብል ደስታ እንጂ ጥርጣሬ አልመጣብኝም።

የወላጆች ቀን የዋለው በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። ወላጆች ሜዳው ላይ ተቀመጡ። አቶ ውበቱ የታጠበ ጋቢ ለብሰው ከፊት ነበሩ። ትርንጎ የፍየሏን ተረት የመጀመሪያ ገጽ አነበበች። ከወረዳ የመጣ አንድ እንግዳ በጣም ደስ ብሎት ተነሣና፣ እስቲ ሌላም ጨምሪልን ብሎ ከክፍሌ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነቅሎ ሰጣት።

ያን ወረቀት የወጋሁት ከአንድ ቀን በፊት ነው። ለማንም አንብቤው አላውቅም። "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ይህ ክፍል የእናንተም ነው" ይላል፤ ሁለት መስመር ብቻ። ትርንጎ ጠርዙን ዳበሰች። ደግማ ዳበሰች። ከዚያ ጣቷን አስቀመጠችና በጠራ ድምፅ፣ ፍየሏም ከገደሉ አፋፍ ቆማ ወደ ታች አየች ብላ ጀመረች። የተረቱ ሁለተኛ ገጽ ነው። አንድም ቃል ሳትስት ጨረሰችው።

ከእኔ በቀር ብሬል የሚያውቅ ሰው በሜዳው ላይ አልነበረም። ተረቱም ካቆመችበት ስለቀጠለ ማንንም አልጎረበጠውም። እልልታው ቀለጠ። አቶ ውበቱ ተነሥተው ወረቀቱን ከእጇ ተቀበሉ፣ ሳሙት፣ አጥፈው ከጋቢያቸው ሥር ያዙት። ለእማሆይ አሳያታለሁ አሉ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

እኔ ዝም አልኩ።

ሰበብ ነበረኝ። እውነቱን ብናገር በማግሥቱ ይወስዷታል፤ ዝም ብል ጊዜ አገኝና አስተካክላታለሁ አልኩ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ እንግዳው እጄን ጨብጦ ተአምር ነው የሠሩት ማለቱ ነው። መምህራኑም ያን ቀን ስለ መጥረጊያ አላነሡም። ዓመት ሙሉ ሲቀለድብኝ ኖሮ ምስጋናው ጣፈጠኝ። "ዝም አይነቅዝም" ይላሉ አበው። የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ቅጽ አስፈረሙኝ። "በብሬል ማንበብና መጻፍ ትችላለች" ይላል። ፈረምኩ። በዚያ ፊርማ ትርንጎ አምስተኛ ክፍል፣ ከሚያዩ ልጆች ጋር እንድትማር ተዛወረች። ክረምቱን እኔ ለቀረኝ ሥልጠና ሄድኩ፤ እሷም ወንዙ ሞልቶ ቤቷ ከረመች። አስተካክላታለሁ ያልኩት ሁሉ ከጎርፉ ጋር ሄደ።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ፈተና ተሰጠ። የሳይንስ መምህሩ ጥያቄውን አነበበላት፤ እሷም ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትወጋ ቆየች። መምህሩ ብሬል ስለማያውቅ እንዳነብለት አስጠራኝ። ገባሁ። ክፍሉ ጢም ብሏል። ወረቀቱን ብርሃን ላይ ያዝኩት። ገብስ ላይ እንደወረደ በረዶ ነጥቡ እንዲሁ ተረፍርፎበታል። ከጥቂት ፊደል በቀር ቃል የሚሆን አልነበረውም። መምህሩ፣ ምን ይላል አለኝ፤ ሰው ይጠብቀው ነበርና ቸኩሏል። ትርንጎ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራለች።

ቤቴ ወስጄ ላርመው ማለት እችል ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩ፣ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላወቅኩም። "ምንም አይልም" አልኩ፣ ሰማንያ ልጅ በሚያስከትለው ድምፄ። ክፍሉ ሳቀ። መናገር ባለብኝ ቀን ዝም ብዬ፣ ዝም ማለት ባለብኝ ቀን ተናገርኩ።

በማግሥቱ አልመጣችም። በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። አቶ ውበቱ አውድማ ሲለቀልቁ ነበር፤ እጃቸውን ታጥበው ወንበር አወጡልኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ያን የታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ። እስቲ ያንብቡልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው። ሁለቱን መስመር ለመስማት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ጨርሼ ቀና ስል ገና ይጠብቁ ነበር።

"ይኸው ነው?" አሉ።

ይኸው ነው አልኳቸው።

ወረቀቱን ተቀብለው መልሰው አጠፉት። "እኔ አልተማርኩም" አሉ። "አንቱ ግን ተምረው ነበር። ልጅቱ እማሆይ ዘንድ ናት።" በሥራ ዘመኔ አለቃ ተቆጥቶኛል፣ ማስጠንቀቂያም ተጽፎብኛል፤ እንዲህ የገባብኝ ግን የለም።

ንፋስ መውጫ ላይ ዓይነ ስውራንን የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሥልጠናው ላይ ሰምቼ ነበር። የኔታ ይኄይስ ይባላሉ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሳሉ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ዜማውን በጆሯቸው ጨርሰው፣ ብሬልን ከሠላሳ ዓመታቸው በኋላ የተማሩ ናቸው። ርእሰ መምህሩን የሦስት ቀን ፈቃድ ለምኜ በሚኒባስ ሄድኩ። ከተማው ነፋሱ የማይተኛ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው የሚያስተምሩት። መውጊያቸው በክር ታስሮ በካፖርቱ ቁልፍ ላይ ይንጠለጠላል። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ይቆጡኛል ስል ሳቁ።

እኔም ሰባት ወር አታልያለሁ አሉኝ። አስተማሪያቸው በጣም ደግ ሰው ስለነበር፣ ቀድሞ ያነብላቸው ነበር። አንድ ጊዜ የሰሙት ስለማይጠፋቸው ጣታቸውን እያንሸራተቱ መልሰው ይሉለታል። ያጠፋችው ልጅቱ አይደለችም አሉ፤ ጆሮዋ መንገዱን ስለዘጋው ጣቷ ገና አልተጀመረም።

ሦስቱን ቀን ከጎናቸው ተቀምጬ ያየሁትን ሰላም እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ። የኔታ ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ያሞቃሉ፤ ተማሪዎቹንም እንዲሁ ያስደርጋሉ። ጣት ብርድ ሲይዘው ይደነቁራል ይላሉ። በአጨዳ ሰሞን ልጆቹ ለሥራ ቤታቸው ሄደው ሲመለሱ፣ ጣታቸው ጫፉ ይደድራል፤ ቅቤ እያሹ ሁለት ሳምንት ይጠብቋቸዋል እንጂ በደደረ ጣት አያስነብቡም። ጀማሪ ከመጣ ምስር፣ ጓያና ሽምብራ ቀላቅለው ይሰጡታል፤ ዐሥሩም ጣት ለይቶ እስኪለቅም ፊደል የለም። አዲስ ገጽ በፍጹም ቀድመው አያነቡም። ከግርጌ ጀምር፣ አሁን መሐሉን አምጣ እያሉ ያዘበራርቃሉ። ተማሪው ሲያነብ አውራ ጣታቸውን በስሱ ጥፍሩ ላይ ያሳርፋሉ። የሚያነብ ጣት እየጠየቀ ይሄዳል፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይመለሳል፤ የማያነብ ጣት ይንሸራተታል። ይህን በሦስተኛው ቀን በእኔ አውራ ጣት አስዳሰሱኝ፤ ልዩነቱ እውነትም አለ። ከዚያ ወዲያ በንፋስ መውጫም በመካነ ኢየሱስም ሳስተምር ለአንድም ዓይነ ስውር ልጅ ቀድሜ አንብቤ አላውቅም።

ስሰናበታቸው አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ልጅቱ እዚያ በቃሏ ጸሎት ይዛ ብትኖር፣ እርስዎም በቃል ነው እዚህ የደረሱት፣ ለምን ልረብሻት አልኳቸው። የኔታ መውጊያቸውን በክሩ ይዘው ያሽከረክሩ ነበር።

"በቃሌ ያለው ሰው መርጦ የነገረኝ ነው" አሉ። "ማንም ያልነገረኝን ያገኘሁት በጣቴ ነው። ይቅርታሽንም በአፍሽ እንዳትነግሪያት። በቃል የምትይዘው አንድ ትጨምሪላታለሽ። ጻፊላት። ማንበብ ስትችል ታገኘዋለች።"

ወገዳ ተመልሼ አንድ ገጽ ወጋሁ። ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። በነጠላዬ ጠቅልዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጠበሉ መውረድ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ መውጣቱ ሦስት ይሆናል።

እማሆይ ደቃቃ፣ ቁጡ ሴት ናቸው። ከቅዳሴ በፊት ንክች እንዳላደርጋት ነገሩኝ። ትርንጎ ውዳሴ ማርያምን በሁለት ወር በቃሏ ጨርሳለች። ጠበልተኞች ዙሪያዋን ተቀምጠው ያዳምጧታል፤ ከሌሎቹ ነዳያን ይልቅ ለእሷ ይዘረጋሉ። ሰላምታ ስሰጣት እጇን ሰጠችኝ እንጂ አላወራችኝም። ላስተምርሽ መጣሁ ስላት፣ እዚህ የማውቀው ይበቃኛል አለች። እውነቷን ነበር። እዚያ ማንም አይስቅባትም።

በሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ ተመለስኩ። በሦስተኛው ምስርና ጓያ ቀላቅዬ ሄድኩና ለእማሆይ ለወጥ ይልቀሙልኝ ብዬ ሰጠኋቸው። እማሆይ ዓይናቸው ደክሟልና ለትርንጎ አቀበሏት። እየለቀመች አፏ ተፈታ። የሳይንስ መምህሩ አሁንም ይቸኩላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይቸኩላል አልኳት። ሳቀች። በአራተኛው ቅዳሜ እጇን ብብቷ ሥር ከትታ ስታሞቅ አጠገቧ ተቀመጥኩና አንድ ፊደል ሰጠኋት። አፌን ዘግቼ።

የሥራ ዘመኔ ትልቁ ጭንቅ ይህ ነበር፤ አፍን መዝጋት። ጣቷ ይሄዳል፣ ይጠፋበታል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ጊዜ "በሬ" የሚለውን ቃል እስክታገኘው ድረስ ሦስት ጊዜ አለቀሰች። አንድ ቅዳሜ ወረቀቱን ወርውራ፣ ለእኔ ብለው ነው ወይስ ለራስዎ አለችኝ። ለሁለታችንም አልኳት፤ ሌላ እውነት አልነበረኝም። ባሕር ዛፉ ሥር አውራ ጣቴን ጥፍሯ ላይ አሳርፌ ስንት ቅዳሜ እንዳሳለፍኩ አልቆጠርኩም። የሚንሸራተተው ጣት ቀስ በቀስ መጠየቅ ጀመረ። አቶ ውበቱ አንድ ቀን ለእህታቸው እህል ይዘው ሲመጡ አዩን። በሩቁ ቆመው ቆዩና ሰላምታ ሳይሰጡኝ ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እኔ ከመድረሴ በፊት በቅሏቸውን ይዘው መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ዳገቱን ሲመለሱ በእግር አይውጡት አሉኝና በቅሎዋን ከግቢው አጥር አሰሩልኝ። ታነባለች ወይ ብለውም አልጠየቁኝም፤ የእኔን ቃል እንደማያምኑ አውቃለሁ።

ግንቦት ገብቶ አንድ ቅዳሜ ያን የይቅርታ ገጽ ከነጠላዬ አወጣሁና ከጉልበቷ ላይ አደረግኩት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። አቶ ውበቱ ከአጥሩ ሥር በቅሏቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ይሰሙናል። ትርንጎ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ጠርዙን ዳበሰች። ጠርዙ ደኅና ነበር፤ ቀዳዳም ቅዳጅም የለውም። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች።

"ያን" አለች። ቆየች። "ያን ቀን።"

እጄን ከጥፍሯ ላይ አነሣሁ።

"አ... አው... አውቄ" አለች። ጣቷ ወደ ኋላ ተመልሶ ደገመው። "አውቄ ነበር።"

እዚያ ላይ ቆመ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ያነበበችውን በልቧ እየሰካካችው እንደሆነ አየሁ። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"እኔም አውቄ ነበር" አለችኝ። "ሰዉ ሁሉ እልል ሲል የአንቱን ድምጥ አጣሁት። ይነግሩኛል ብዬ ስንት ቀን ጠበቅሁ።"

አለቀስኩ። ወረቀቱ ላይ ገና ስድስት መስመር ይቀራል፤ እንደፈራሁ፣ ምስጋናው ጣፍጦኝ እንደነበር፣ በክፍሉ ፊት ያልኳት ነገር ከልቤ እንደማይወጣ ሁሉም እዚያ አለ። መጠበቅ አቃተኝና በአፌ ልጨርስላት ትንፋሽ ስስብ ሰማችኝ። እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ጭምቅ አደረገችው።

"አይንገሩኝ" አለች። "እኔው አነበዋለሁ።"

አቶ ውበቱ ከአጥሩ ሥር ተነሥተው ቀረብ ብለው ቆሙ። እሷም ጣቷን ወደ ሁለተኛው መስመር አወረደች።